አያ ፈንታ ያቆዩት እርሾ

ላቦራቶሪ ውስጥ የናሙናዋን ክዳን ስከፍት በወይራ ጭስ የታጠነ ቅል ውስጥ ያደረ እርጎ ሸተተኝ። ጓንቴን እንዳጠለቅሁ ቆሜ ቀረሁ። ብልቃጧ የመጣችው ተወልጄ ካደግሁበት ከኮሶዬ ነው፤ ሽታዋ ግን ጎረቤታችንን አያ ፈንታን ይዞብኝ መጣ።

አያ ፈንታ ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሲሞቱ የወተት ጥርሴ ገና አልወለቀም። ልጅ አልነበራቸውም። ሐዘኑ በረድ ሲል የመንደሩ ሴቶች የሟቿን የወተት ቅል ሊወስዱ መጡ፤ ወተት መግፋት የሴት ሥራ ነው፣ ለወንድ ምን ያደርግለታል ብለው። አያ ፈንታ ቅሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"ተዉት፤ እኔው እገፋዋለሁ።"

መንደሩ ሳቀባቸው። አንዱ ጎረምሳ በአጥር በኩል፣ "ምነው አያ ፈንታ! ወንድ ልጅ ቅል ሲገፋ ታይቶ ያውቃል?" አላቸው።

"ጥሩወርቅ ከትናንቱ ለዛሬ፣ ከዛሬው ለነገ የእርጎ እርሾ እያስተረፈች ያቆየችው ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "እኔ ዘንድ ሲደርስ ይቋረጥ?"

እኛን ልጆቹን ጠርተው በቲማቲም ጣሳ እርጎ ይቀዱልንና ፊታችንን ያያሉ። "የሷን ይመስላል?" መጀመሪያ ላይ ኮምጥጦ ፊታችንን ያጨማድደው ነበር። እየዋለ እያደረ ግን እጃቸው ለመደ። አንድ ቀን ጠጥቼ፣ "ልክ የእትዬ ጥሩወርቅን!" ስል ጣሳውን ተቀብለውኝ ዘወር አሉ፤ እስኪመለሱ ብዙ ቆዩ።

በክረምት ያለቻቸው አንዲት ላም ሞተችባቸው። ሰው ደጅ ቆመው የማያውቁት አያ ፈንታ ቅሉን በጋቢያቸው ሸፍነው በዝናብ እኛ በር ላይ ቆሙ።

"ይግቡ እንጂ አያ ፈንታ፣ ይደበድብዎታል" አለች እናቴ።

"ጥቂት ወተት ፈልጌ ነው። ለኔ አይደለም፤ እርሾዋ እንዳትሞት ነው።"

እናቴ የማታውን ወተት እንዳለ ቅሉ ውስጥ ገለበጠችላቸው። በማግስቱ እርጎውን ይዘው መጡና፣ "አንቺ ዘንድም ትቀመጥ። እኔ እንደሆንሁ ሟች ነኝ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ለጠየቃቸው ሁሉ ሰጡ። ያ የሳቀባቸው ጎረምሳም ሚስት ሲያገባ ከሳቸው ወሰደ።

ሲሞቱ ጎንደር ከተማ ተማሪ ነበርሁ፤ ለቀብራቸው አልደረስሁም።

አሁን ከየመንደሩ ከሰበሰብነው እርጎ ወተቱን የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ አውጥተን፣ ማሽኑ ፊደሉን ተራ በተራ አንብቦ ሲጨርስ የዘር ሐረጋቸው በኮምፒውተሩ ላይ ተሣለ። ከኮሶዬ ቤቶች የመጡት እንደ እኅትማማች አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበዋል፤ የሌላው መንደር ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል። ማሽኑ ከማን እጅ እንደ መጡ አይናገርም።

የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለ። "እነዚህ ቤቶች ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?"

"አይደሉም" አልሁት። "ጎረቤታሞች ናቸው። ከመሃላቸው አንድ ሰው ሚስቱን በጣም ይወድ ነበር።"