ጀርባውን ሰጥቶን የሚተኛው ውሻ

ወንድሜ ውሻውን ያመጣልኝ በጎቹን ሸጦ በጨረሰ ማግስት ነው። ሆዱን ኦፕራሲዮን ሊሆን ወደ ደሴ ይሄድ ነበር። ከላይ ከደጋው ጫፍ ቀኑን ሙሉ በእግር ወርደው ደረሱ። ወንድሜ ደጃፌ ካለው ድንጋይ ላይ ዘፍ ሲል ውሻው እኔንም ቤቱንም አላየም፤ በቀጥታ ወደ ጉረኖው ሄደ። ያኔ ስምንት በጎች ነበሩኝ። የሁሉንም አፍ በየተራ አሸተተና ከጉረኖው በር ላይ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ተኛ።

«እንዴት ያለ ባለጌ ነው!» አልኩ።

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጀርባውን ከሰጠሽ አምኖሻል ማለት ነው። ፊቱን የሚያዞረው ክፉ ይመጣበታል ወደሚለው ወገን ነው» አለኝ። ከዚያ ያዘዘኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ እንዳላስረው፣ የገብሱን ሙቅ በአሬራ አድርጌ አስቀምጬለት ዞር እንድል፣ በግ ስትወልድ ደግሞ በእሱና በእሷ መሃል እንዳልገባ። «ሌላ ምንም አልቀረኝም» አለ። «ከዳንሁ በአንድ ግልገልም ቢሆን ከእሱ ጋር እንደገና እጀምራለሁ። የሰማይ የምድር አደራ አለብሽ።»

«ለውሻ ደግሞ! ኧረ ሂድ፣ በሰላም ተመለስ ጋሼ። መጀመሪያ የምትወለደው ግልገል ያንተ ናት» አልኩት። ከእናታችን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ያን ዕለት ምን ቢለኝ እሺ እል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ውሻ አላውቅም። በልጅነቴ ላሊበላ አጎቴ ዘንድ ገብቼ ከአብነት ተማሪና ከካህናት መሃል ነው ያደግሁት፤ ባለቤቴም ቄስ ናቸው። እኛ ቤት ውሻ ነጠላ ከነካ ነጠላው ይታጠባል። በግ ማርባቱንም ቢሆን ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

ይኸኛው ግን የሚነካካ ውሻ አልነበረም። ጭራውን መቁላት አያውቅም። ቤት አይገባም። ምግቡን አስቀምጬ ቆሜ ካየሁት ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃል እንጂ አይቀምስም፤ ዞር ስል ብቻ ይበላል። እንግዳ ሲመጣ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ተነስቶ በሰውየውና በበጎቹ መሃል ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ በቃ። ባለቤቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጥላቸውን እንደዘረጉ ስለሚመጡ፣ እስኪያጥፉት ድረስ አላሳልፍም ይላቸው ነበር። «ጳጳስ እንኳ እንዲህ አላዘዘኝም!» ይሉና ያጥፉታል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ለመድነው።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ውሻው አተኛኘቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀየረ መጣ፤ ፊቱ ከመንገዱ፣ ከጉረኖው ማዶ ወዳለው ገደል ዞረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፉን ወደዚያ ሰቅሎ ያላዝናል። እኛ ዘንድ ውሻ ሲያላዝን የሰው ሞት ይጠረጠራል። የእኔ ሰው ደግሞ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ የኦፕራሲዮኑ ቀን ዛሬ ነገ እየተባለ ይገፋበታል። «በስመ አብ! ዝም በል አንተ ሟርተኛ!» እያልኩ ድንጋይ እወረውርበታለሁ። ድንጋዩን ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። በአገሩ ተኩስ ከበዛ ወዲህ አውሬው ሰው መፍራት ትቷል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን የሚያላዝነው ለወንድሜ ነው ብዬ ስለደመደምኩ ገደሉ ጋ ምን እንዳለ ሄጄ ለማየት አላሰብኩም።

ሌላም ጥፋት አለኝ። ጾም ሲገባ የፍስክ ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ በቄስ ቤት ደግሞ ይብሳል። የአሬራውን ቅል ለውሻ ብዬ አላወርድም አልኩ። ሙቁን በባዶ ውሃ እያደረግሁ ሰጠሁት። ጎኑ እየገባ፣ አጥንቱ እየታየ መጣ። አየሁ፤ አይቼም «ሁላችንም እየጾምን አይደል» ብዬ ቀለድኩበት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ውሻው ጉረኖው በር ላይ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች አንዲት በግ ነበረችን፤ ሆዷ ሟሽሾ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች ትጮሃለች። ግልገል ግን የለም። ውሻው ከገደሉ በኩል ቀስ ብሎ መጣ። አፉ እስከ ዓይኑ ሥር ድረስ ደም በደም ነው።

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ እንኳን ይህን አይቼ። «በላት! የጋሼን ግልገል በላት!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ «ኧረ ቆዪ፣ መጀመሪያ እንፈልጋት» አሉ።

«ምኑን ነው የምንፈልገው? አፉን አያዩትም?» አልኳቸው።

እንዲያ የቸኮልኩት ጥፋቴን ስለማውቅ ነው። ያስራብኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ብራብ ምን እንደማደርግ አሰብኩና ፈረድኩበት። የአህያውን መጫኛ አምጥቼ በገዛ እጄ አንገቱ ላይ አስገባሁና ከደጃፋችን ወይራ ጋር አሰርኩት። አልታገለኝም። ስጨርስ ግን ወደ ገደሉ ጎተተ። ገመዱ ሲይዘው ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ጮኸ። እኛ ቤት ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ነገ ሰው ጠርቼ አስገድለዋለሁ አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው። «ነገ ጠዋት ሊያስገቡኝ ነው። ውሻዬስ?» አለኝ።

ጩኸቱ እንዳይሰማው ሮጬ ጓሮ ገባሁ። «ደህና ነው። ጉረኖው በር ላይ ተኝቷል።»

«ጀርባውን ሰጥቶሻል?»

«ሰጥቶኛል።»

«እንግዲያው እኔም ድኜ እመጣለሁ» አለና ዘጋው። አፈር ልብላ፣ ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ዋሸሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ውሻው ድንገት ዝም አለ። ጩኸቱ ካስመረረኝ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። እናቲቱ በግ ከመንጋው ተነጥላ ወደ ገደሉ ሮጠች፤ ተከተልኳት። እዚያ ካለው ቋጥኝ ሥር ነፋስ የማይገባበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ሣሩ ተደላድሏል፣ የውሻው ቡናማ ጸጉር ተነስንሶበታል። ግልገሏ እዚያው ነበረች። መላ ሰውነቷ ተልሶ ደርቋል፣ ንጹሕ ነች። ጉሮሮዋ ግን ተበጥሷል፤ ደሙ ገና ትኩስ ነው። ከቋጥኙ በላይ ሁለት ቀበሮዎች ቆመው ያዩኛል። እንኳን ሊሮጡ፣ አልቸኮሉም።

እኔን! አራት የወለድኩ ሴት፣ እንግዴ ልጁ የት ደረሰ ብዬ አልጠየቅሁም። አፉ ላይ ያየሁት ደም እሱ ነበር። ሽታው አውሬ እንዳይጠራ እንግዴ ልጁን በልቶ፣ እናቷ እዚያ ወልዳ ጥላት የሄደችውን ግልገል ልሶና አሙቆ ነበር የቆየው። እኛ ስንደርስ የመጣውም እናቲቱን ሊመልሳት ይሆናል። ይኸን አሁን ነው የማስበው። ያን ጊዜ የታየኝ ያሰርኩበት እጄ ብቻ ነው።

ተመልሼ ፈታሁት። አንገቱ ተልጦ ነበር። ይነክሰኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ አልፎ ሄደና ከግልገሏ ጎን ተኛ፤ ባለቤቴ መጥተው እስኪቀብሯት ድረስ አልተነሳም። ያን ዕለት የአሬራውን ቅል ከቆጥ አወረድኩት። ሙቁን አስቀምጬለት ዞር አልኩ። የበላው በሦስተኛው ቀን ነው።

ወንድሜ ዳነ። ከገና በኋላ ከጋሸና በመጣ ሚኒባስ ወርዶ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ቀስ እያለ ደረሰ። ስለ እሑዱ ምንም አልነገርኩትም ነበር። ውሻው ተነስቶ ሄደና እጁን አሸተተ፤ ራሱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆመ። ወንድሜ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። አለፈልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ውሻው ወደ ጉረኖው ተመልሶ፣ ከዚያች እሑድ ወዲህ እንደለመደው ተኛ። ጀርባው ወደ ገደሉ ነው፣ ፊቱ ወደ ቤቴ በር።

ወንድሜ ውሻውን፣ አንገቱ ላይ የቀረውንም የገመድ ጠባሳ አየ። የውሻውን ዓይን ተከትሎ በሬን አየ፤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ማን አሰረው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት። ውሻው ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።