ነጋን ያስኮረፈችው ኳስ

ነጋ ካኮረፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ሰው የሚያኮርፍበት ስንት ነገር ባለበት አገር፣ እሱ ያኮረፈው በኳስ ነው። እሷም የምናውቃት ክብ ኳስ ብትሆን ደግ ነበር፤ እንቁላል የምትመስለዋ፣ ብብት ሥር ተይዛ የምትሮጠዋ የራግቢ ኳስ ናት።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ኳስ ሲባል የእንግሊዝ ክለቦች ብቻ የሚታያቸው ሐበሾች ሞልተዋል። ነጋና ጓደኛው ኪራኮስ ግን ሌላ በሽታ ይዟቸው ነው የመጡት። ነጋ አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አጠገብ ሱቅ ነበረው። ኪራኮስ ደግሞ በስደተኝነት ኒውዚላንድ ደርሶት ወጣትነቱን እዚያ ጨረሰ። ስለዚህ አንዱ የደቡብ አፍሪካው ስፕሪንግቦክ፣ ሌላው የኒውዚላንዱ ኦል ብላክስ ደጋፊ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ቡድኖች ተከታታይ ግጥሚያ በገጠሙ ቁጥር የኪራኮስ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ማለት ነው፣ በሰው ይሞላል፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ የሚመጣው ጨዋታውን ሳይሆን ሁለቱን ሰዎች ለማየት ነው። ነጋ እዚያ የራሱ ወንበር አለው። በክሪስታል ሲቲ ሆቴሎችና በኤርፖርቱ መካከል የሚነዳው መንገደኛ አመላላሽ ሻትል ሲያረጅ፣ ከተነቀሉት መቀመጫዎች አንዱን ለምኖ ተሸክሞ ያመጣው ነው። ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም።

የዘንድሮው የሦስት ጨዋታ ፍልሚያ ነበር። የመጀመሪያውን ስፕሪንግቦክ ወሰደ። በሁለተኛው ኦል ብላክስ በጥቂት ነጥብ እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ የስፕሪንግቦክ ልጅ ኳሷን ተቀብሎ በሜዳው ጠርዝ ሄደ፣ ሄደ፣ አንዱን ጥሎት አለፈ፣ ሌላውን አታለለው፣ ከዚያ ተወርውሮ ኳሷን ከመጨረሻው መስመር ማዶ መሬት ላይ አሳረፋት። ይህ ትራይ ይባላል፤ ጨዋታውን ይጨርሰው ነበር። ነጋ ብድግ ሲል እጁ ከዝቅተኛው የቤዝመንት ጣሪያ ጋር ተላተመ። ሕመሙ አልተሰማውም።

ዳኛው ግን ቪዲዮ ይታይልኝ አለ። በራግቢ ኳስ በእጅ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ነው የሚሰጠው፤ ወደ ፊት መስጠት ክልክል ነው። ደጋግመው አዩት፣ አቀዝቅዘው አዩት፣ በመጨረሻም ዳኛው ወደ ፊት ተሰጥታለች ብሎ ትራዩን ሻረው፤ ኦል ብላክስ አሸንፎ አንድ ለአንድ ሆኑ። ቤዝመንቱ ቀውጢ ሆነ። ነጋ ኳሷ ካቀበለው ልጅ እጅ ስትወጣ ወደ ኋላ ነው የወጣችው፣ ወደ ፊት የወሰዳት የራሱ ሩጫ ነው፣ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል ብሎ ተሟገተ። ኪራኮስ ስክሪኑ ላይ በጣቱ እያሳየ ከዚህ መስመር ተነስታ እዚያኛው ላይ ነው ያረፈችው፣ ዓይን የለህም ወይ አለው። አንዱ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ መስመር ሠራ፤ ሌላው የሶፋ ትራስ ይዞ መሮጥ ጀመረ። የራግቢን ሕግ ያን ቀን የሰሙ ሰዎች ሳይቀሩ ለሁለት ተከፍለው ተጯጯሁ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጠብ ከታየ ቆይቷል።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ነጋ ነገሩን በማስረጃ ካላሳመንኩ ብሎ ሚስቱን መነንን መኪና አስያዛት። እሱ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በመስኮት ወጣ ብሎ፣ መኪናው የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ በቀስታ ሲሄድ፣ በኖራ ካሰመረው መስመር ላይ ሲደርስ አንዲት ሎሚ ወደ ኋላ ወረወረ። ሎሚዋ ወደ ኋላ ተወርውራ ሳለ ከመስመሩ ወደ ፊት አልፋ ወደቀች። መነን ጎረቤት ምን ይለናል እያለች ብትሳቀቅም፣ ነጋ ልክ ዋንጫ እንደበላ ሰው እየጨፈረ ቪዲዮውን ለደጋፊዎቹ ግሩፕ ላከው። ኪራኮስ መጀመሪያ ሎሚ ኳስ አይደለም ብሎ መለሰና ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ ደግሞ ድምፁን ቀድቶ ላከ።

«ዳኛ ማለት ዳኛ ነው፣ ነጋ። አንተ እኮ ጥብቅና የቆምከው ሱቅህን ላቃጠሉብህ ሰዎች ነው።»

ነጋ አንዴ ሰማው፣ ደግሞ ሰማው፣ ከግሩፑ ወጣ። ሱቁ መቃጠሉ እውነት ነው። ሰፈርተኛው የባዕድ ሱቅ ሊዘርፍ የወጣ ዕለት፣ ነጋ በጓሮ ዘሎ ያመለጠው ጡረተኛ ባቡር ነጂ ወደነበሩ ሽማግሌ ጎረቤቱ ቤት ነበር። ሽማግሌው በሩን ቆልፈው፣ የውጪው ጩኸት እንዳይሰማው ብለው ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ከፈቱለት። ራግቢ ነበር። ሕጉን እያንዳንዱን በእጃቸው እያሳዩ ያስረዱት ጀመር፤ እሱም ሱቁ እየነደደ የማያውቀውን ጨዋታ ሕግ ተማረ። ስፕሪንግቦክን የወደደው ያን ቀን ነው። ይህን ለኪራኮስ ነግሮት አያውቅም፤ ኪራኮስም ያቺን ቃል ሲወረውር ምን እንደመታ አላወቀም።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። የኪራኮስ ልጅ ብሩህ ሰሊና የምትባል ልጅ ወዷል። እዚያው አጠገብ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ለሚኖሩት አባቷ ለአቶ በፈቃዱ የተላኩት ሽማግሌዎች ሦስት ሲሆኑ፣ አፍ ሆኖ የሚናገረው ነጋ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት የተደረገው ከኩርፊያው በፊት ነው። አቶ በፈቃዱ ለመልስ የቀጠሩት ቀን ደግሞ የሦስተኛው፣ የወሳኙ ጨዋታ ቅዳሜ ሆኖ ተገኘ፤ ሰዓቱም ያው። ነጋ ቢቀር ልጁ ያፍራል፣ ነገሩም ሊበላሽ ይችላል። ጠዋት ሱፉን ለበሰና ለመነን የምሄደው ለልጁ ብዬ ነው አላት። እሷም ማን ጠየቀህ ብላ ክራቫቱን አስተካከለችለት።

በአቶ በፈቃዱ ሳሎን ውስጥ ሦስቱም ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቆሙ፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። የነጋ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ልቡ ግማሹ ሜዳው ላይ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ዮሐንስ ሰላምታውን ጨርሰው ለነጋ ቃሉን ሲሰጡት፣ አቶ በፈቃዱ ቀደሙት።

«አንድ ነገር ሰምቻለሁ፣ አቶ ነጋ» አሉ። «የልጁ አባትና እርስዎ በጨዋታ ተጣልታችሁ አትነጋገሩም አሉኝ። በኳስ እንዲህ የሚኳረፍ ሰው ቤት ልጄ ምራት ሆና ብትገባ፣ ነገ በቁም ነገር ቢጋጩ ምን ልትሆን ነው?»

ጋሽ ዮሐንስ ወለሉን ማየት ጀመሩ። ግሩፑ ውስጥ አሉበት፤ የኪራኮስን ድምፅ ሰምተዋል። ነጋ እውነቱን ቢያወጣው እሱ ነጻ ይወጣል፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለው የከረመው ቂምም ይወጣለታል፤ የብሩህ ጉዳይ ግን እዚያው ያበቃል።

«ያኮረፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ኪራኮስ ደጋግሞ ኮል አድርጎልኛል፤ ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ የምትገባው እኔ ቤት ቢሆን ኖሮ ቢፈሩ አይፈረድብዎትም ነበር።»

«ምን ቢልዎ ነው ግን?»

«በጭቅጭቅ መሃል ከአፍ ያመለጠ ነገር ነው፤ አልደግመውም። አሁንም ተናድጃለሁ፣ አልዋሽዎትም። በዚህ ንዴቴ እንኳ የዚያን ሰው ልጅ ጉዳይ ይዤ ደጃፍዎ መቆሜን ይዩልኝ። ብሩህን ያሳደገውን እጅ ባላውቅ ዛሬ አልመጣም ነበር።»

አቶ በፈቃዱ መነጽራቸውን አውልቀው ነጋን ትኩር ብለው አዩት። ስልኩ እንደገና ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ።

መቀመጥ ማለት መልስ ማግኘት ነው። ከጓዳ እልልታው ፈነዳ። ጋሽ ዮሐንስ ነጋን በክንዳቸው ጎተቱትና ሁለቱም ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

ነጋ ከምርቃቱ በኋላ ፈቃድ ጠይቆ በረንዳ ወጣና ስልኩን ከፈተው። የመጣው መልእክት ሁሉ ከኪራኮስ ነው። ያ ምስኪን የልጁ አባት ነውና አብሮ መሄድ አይችልም፤ ዛሬ ሰው አልፈልግም ብሎ ቤዝመንቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። «ጀመረ» ይላል የመጀመሪያው። «ሦስት ለዜሮ፣ እናንተ።» «ምን አሉ?» «ሰባት ለሦስት፣ እኛ።» «ተቀመጣችሁ?» ከዚያ አንድ ረጅም መጣ፦ «ዳኛው ትራያችንን ሻረብን! ወደ ፊት ሰጠ ይለናል፤ ከእጁ ስትወጣ እኮ ወደ ኋላ ነበረች። ያ የሎሚው ቪዲዮ አለህ?»

ነጋ ሳቁ አመለጠው። ደወለለት። ኪራኮስ ገና ከመጥራቱ አነሳው።

«ሰጥተውናል» አለ ነጋ።

ኪራኮስ አመስግኖ ሳይጨርስ «ያ ስለ ሱቁ ያልኩት…» ብሎ ጀመረ።

«ስመጣ ስፕሪንግቦክን መጀመሪያ ማን ቤት እንዳየሁ እነግርሃለሁ» አለው ነጋ። «እስከዚያው ግን ዳኛ ማለት ዳኛ ነው።»

ኪራኮስ እያለቀሰ ሳቀ፤ ከሳቁም ስድቡን አስከተለ። ተጫዋቾቹ ዕረፍት ላይ ናቸው አለው፤ ቢፈጥን ለመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይደርሳል።

«ወንበርህ ላይ ሰው አልተቀመጠም» አለ። «እኔም አልተቀመጥኩም።»