የሩኪቤን አሬራ

ሩኪቤን የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች። ሰው ዛሬ እንደ ቅድስት አድርጎ ሲያወራላት ሳቄ ይመጣል፤ በአንድ ክንድ ድንበር የተነሳ ሁለት ዓመት ያኮረፈችኝ ሴት ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንዲት የምትታለብ ለማዳ ጎሽ ነበረች። ከጥቁረቷ የተነሳ ካሊ፣ ጥቁሪት፣ ብላ ሰይማታለች፤ የምትኖረውም በካሊ ወተትና ቅቤ ነበር።

አገራችንን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች የመሬት ግብር ሲጨምሩብን መንደሩ አንከፍልም ብሎ ማለ። ያልከፈለ ከብቱ ስለሚወረስበት ሰዉ ከነከብቱ ቤቱ ውስጥ መሸገ። ቤቱ ባዶ እንዲመስል ከውጭ የምንቆልፈው ደግሞ እንደ እኔ ከብት የሌለን ነን። የሩኪቤን ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። የማልነው ግን ስለ ግብሩ ብቻ አልነበረም። ማንንም አንመታም፣ አንሰድብም፤ ለመንግሥት ሹም ጋሪ አናከራይም፣ ውሃ ግን አንከለክልም ብለናል። ሦስት ወር አለፈ። ካሊ ፀሐይ ስታጣ ጥቁረቷ ለቀቀና አመድ መሰለች።

በግንቦት፣ በቀትር፣ ከብት የሚወርሰው እንግሊዛዊ ሚስተር ሃርዉድ የሩኪቤን ደጅ ላይ ፀሐይ መቶት ተዝለፍልፎ ወደቀ። አብሮት የመጣው ጸሐፊ ይጮሃል። እኔ ውሃ ይዤ ብደርስም ሰውየው መዋጥ አቃተው።

"ቻጋንባይ!" አለች ሩኪቤን ከውስጥ። "ክፈትና አስገባው!"

"ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ወደ እኔ ቤት እወስደዋለሁ።"

"ያንተ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ልትጠብሰው ነው? ክፈት!"

"ካሊን ያያታላ!"

"ይያታ። ሰውየው ሊሞት ነው እኮ!"

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፈትኩ። አልዋሽም፣ ሰውየው ሞቶ እዚያው በቀረ ብዬ ተመኝቼ ነበር። እሷ አልጋዋ ላይ አስተኛችው፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችለት፣ ጨው የነካው የካሊን አሬራ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችው። ፀሐይ ዘወር ስትል ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው ካሊን ነበር።

ጸሐፊው የሚወረሱ ከብቶች መዝገቡን እንደያዘ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ "ጎሿን ጻፋት" አለው።

"ምን ዓይነት ሰው ነህ!" ብዬ ልነሳ ስል ሩኪቤን ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው፣ ሥራው ነው። አንተ ገመዱን ፍታልኝ።" ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች፤ "ግራ ጡቷ ቆስሏል፣ ሳሂብ ጌታዬ። ቀስ ብለው ይለቧት።"

የተወረሱት ከብቶች የታሰሩበት በረት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሩኪቤን ካሊ እስክትሸጥ ድረስ ጠዋት ጠዋት በእግሯ እየሄደች አለበቻት፤ ወተቱን ለዘበኞቹ ትታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በጨረታው ከመንደራችን አንድም ሰው አልገዛም። የሩቅ አገር ሥጋ ሻጭ ወሰዳት።

ከዝናቡ በኋላ መንግሥት ተረታ፤ ጭማሪው ቀረ፣ ያልተሸጡት ከብቶች ተመለሱ። እኛ ጨፈርን። ሩኪቤን የሰው ጥጥ እየለቀመች መኖር ጀመረች። እኔ ሚስተር ሃርዉድን ጠልቼው ነበር፤ እሷ ግን ስሙን በክፉ ስታነሳ አንድ ቀን አልሰማሁም። ይህም ያናድደኝ ነበር።

በዓመቱ፣ በዚያው በግንቦት፣ ሚስተር ሃርዉድ ብቻውን መጣ። የሩኪቤን በር ክፍት ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ደጁ ላይ ቆመ። ሩኪቤን ገብታ በነሐስ ዋንጫ ውሃ አመጣችለት።

"ዛሬ አሬራ የለኝም ሳሂብ" አለችው።

አንድ ጊዜ ጎንጨት አደረገ። ዋንጫውን በሁለት እጁ እንደያዘ እንባው ወረደ።

"ጨርሱት እንጂ" አለች፤ "ፀሐዩ ከባድ ነው።"