የመዘውሯ ምልክት

ከመነሳት በፊት ግራ እጁ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወዳለችው ጥርሳም መዘውር ትወርድና ጠቋሚዋን ከመነሻው ምልክት ላይ ታሳርፋለች። አውሮፕላኗ ከመሬት ስትላቀቅ አፍንጫዋን በመሪው፣ ፍጥነቷን በዓይኑ ይይዛል፤ መሪው ክንዱን መጎተቱን አልተው ካለ መዘውሯን ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ክብደቱን ያወርዳል። የሚፈልገው ከፍታ ላይ ሲደርስ አይቸኩልም። ፍጥነቱ እስኪሞላ ጠብቆ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፤ ከዚያ መዘውሯን ወደ ፊት። ለማረፍ ሲወርድ ደግሞ አፍንጫዋ ቀና እንዲል ወደ ኋላ፣ መሪው በሁለት ጣት እስኪያዝ ድረስ። ትሪም የሚሉት ይኸው ነው፤ አውሮፕላን አይነዱበትም፣ ክንድ ያሳርፉበታል እንጂ።

በአንድ የበረራ ክለብ አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ ጋሽ ሚዛን ይሉታል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ አመል አልለቀቀውም፤ ተማሪ አርፎ ሳይቆም እንደገና ለመነሳት ሲንደረደር፣ ዓይኑ ከፊቱ ስለማይነቀል፣ መዘውሯን ወደ መነሻው ምልክት የሚመልሳት እሱ ነበር። ድምፁን ሳያሰማ። ከእሱ ጋር መብረር ቅቤ ነው ይባላል። የጥገና ሹሙ፣ አኝከህ ነው የምታጎርሳቸው፣ ጥርስ ሳያወጡ ሊያረጁ ነው፣ እያለ ሲያሾፍበት አብሮ ይስቅ ነበር።

የእህቱ ልጅ ልማር ስትል እናቷ በአንድ ቃል ፈቀደች፤ አጎቷ ካለ ምን ትሆናለች ብላ። ልጅቷ ቁጥብ ነበረች። የማረጋገጫ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ አንድ መስመር ዘላ አታውቅም። አርፎ መነሳት ላይ ግን ዝርዝር የሚነበብበት ፋታ የለም፤ እጅ በልማድ ነው የሚሠራው። የእሷ እጅ ያንን ልማድ አልያዘም፤ የያዘው የእሱ ነው።

ብቻዋን በበረረችበት ቀን ማኮብኮቢያው ዳር ቆሞ አያት። አንደኛውን ዙር አሳምራ አረፈች። እንደገና ኃይል ሰጠች። መዘውሯ ለማረፍ በተስተካከለችበት ነበረችና የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀጥ አለ። እሱ መሬት ላይ ሆኖ በግራ እጁ አየሩን ወደ ፊት ያሽከረክር ነበር። መሪው እንዲያ ሲከብዳት የመጀመሪያዋ ነው፤ ገፍታ ሳትመልሰው ክንፎቹን አየር ከዳቸው፣ አውሮፕላኗ ወደቀች። ልጅቷ አልተረፈችም።

ከአራት ወር በኋላ የምርመራው ወረቀት መጣ። ተማሪዋ ትሪሙን ወደ መነሻ ባለመመለሷ፣ ይላል። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ወረቀቱን ከመኪናዋ መርፌ አጠገብ ዘርግታ ሦስቴ አነበበችው።

«እንዲህ ዝንጉ አድርጌ ነው እንዴ ያሳደግኳት?» አለች።

ዝም ቢል የሚያውቅ አልነበረም።

«እሷ አይደለችም። ሁልጊዜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። መመለስ እንዳለበት በአፌ ነገርኳት፣ እጇን ግን አላስለመድኳትም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ወረቀቱን አጣጠፈችው። ከዚያ ያቆመችውን እጅጌ አንስታ መስፋቷን ቀጠለች፤ መኪናው እስኪንጫጫ ረገጠችው። በሩን ራሱ ከፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብላ አልጠራችውም።

መርማሪው ቢሮ ሄዶ ይህ ይጻፍልኝ አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። ግን የሚጻፈው አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረ ሰው ያደረገው ነው፣ እርስዎ አልነበሩም፣ አለው። ጋሽ ሚዛን የማስተማሪያ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ወረቀቱ እንዳለ ቀረ። ዛሬ በክለቡ ግድግዳ ላይ ለአዲስ ተማሪዎች መማሪያ ተለጥፏል።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡት ልመና አለው። ወደዚያ ክለብ ብትገቡ፣ ሰው ወረቀቱን እያሳየ ዝንጉ ልጅ ነበረች ሲል ብትሰሙ፣ አትለፉት። አልነበረችም፣ በሉልኝ ይላል።