ያለ ሞት የተነፋው ጡሩምባ

ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ የእንጅባራ ጉም ገና ከመንገዱ ሳይነሣ፣ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ደጃፌ ላይ ቀርቀሃ ስሰነጥቅ ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለና አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ አዳሙ፣ ለቅሶ ነው ወይስ ጉባኤ?» አለኝ። በሌላ አገር እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ጠበል ይወሰዳል። በእኛ ከተማ ግን ደህና ጥያቄ ነው፤ ደህና ጥያቄ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ዐሥር ዓመት ቢያልፈው ነው። ስልሳ ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሌላው ሰው ወጣትነቱን በጊዜው ይጨርሳል፤ የእኔ ግን የጀመረው ያኔ ነው። የጉልበቴን ዘመን ቀርቀሃ ስሸከም አሳለፍሁት። የትምህርት ቤቱን አጥር ሠራሁ እንጂ ውስጡን አላየሁም። ፊደል የለየሁት ገበያ ላይ በርበሬ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው፤ እያነበብሁ አስነጥስ ነበር። ከእነዚያ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ሰዎች በብረት መርከብ ከጨረቃ ማዶ ሲጓዙ አገኘሁ። መጨረሻው ተቀዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር፤ እኔ መጨረሻውን ራሴ ሠራሁለት። ከዋናው ሳይሻል አይቀርም።

ደሳለኝ የሚባል የዳንግላ መምህር እንዲህ ያለውን ታሪክ፣ የሳይንስ ልብወለድ የሚሉትን፣ የሚወዱ ሰዎችን በዓመት አንዴ በአንድ ሻይ ቤት እንደሚሰበስብ ሰማሁና ሄድሁ። ከሁሉም ይልቅ ያወራሁት እኔ ነበርሁ። በዓመቱ ስንገናኝ «ቀጣዩ ጉባኤ እንጅባራ ይሁን» አልሁ። ሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ እንጅባራ ድንች እንጂ ልብወለድ አይበቅልባትም» አለ ደሳለኝ።

«ይህን ሁሉ የሚያናግርህ ያው የበላኸው ድንች ነው። ና፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሳይሃለሁ።»

«ካልሞላስ?»

«ካልሞላ ጉባኤው ለዘላለም የዳንግላ ይሁን። እኔም ሁለተኛ እግሬን አላነሣም።»

ቃል ከአፍ ከወጣ ወጣ። ያንን ጉባኤ ካጣሁ የሚቀረኝ ቀርቀሃዬ ብቻ ነው፤ ቀርቀሃ ደግሞ ስለ ከዋክብት ቢያወሩት አይመልስም።

ቀኑ ጥር ላይ ዋለ፤ መምህራኑ ዕረፍት የሚያገኙት ያኔ ነውና። ጥር ግን የሰርግ ወር ነው። የነገርሁት ሰው ሁሉ ሰርግ አለብኝ ይለኛል። ዋዜማው ላይ ቆርጬ ወደ እድራችን ጡሩምባ ነፊ ወደ አያ ቢረሳው ሄድሁ።

«ሞት ሳይኖር? እድሩ አባርሮኝ ልትስቅ ነው?» አለኝ።

«ሰውን ለሐዘን ብቻ እየጠራህ ልታረጅ ነው፣ አያ ቢረሳው? አንድ ቀን እንኳ ለደግ ነገር ጥራው እንጂ!»

ጡሩምባውን ከግድግዳው አወረደ። ነፋ፤ «ነገ ጧት ጉባኤ አለ፣ አዳራሽ ኑ!» ብሎም በደንብ ተናገረ። ነገር ግን ጡሩምባ ሲሰማ ቃሉን እስኪጨርሱለት የሚጠብቅ ማን አለ? ሰው ነጠላውን ነው የሚፈልግ። ከወንዙ ማዶ ያለውማ ከጡሩምባው ድምፅ ሌላ የያዘው «ነገ ጧት» እና «አዳራሽ» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ዳንግሎች በሚኒባስ መጡ። ደሳለኝ የደረደርኋቸውን የቀርቀሃ ወንበሮች አየና፣ «ጋሼ፣ የተሰበሰበው ወንበሩ ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው በሩ ጠበበ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባ ጀመር፤ ሴቶቹ ንፍሮ በሰፌድ ይዘዋል። ወንበሩ ሞላ፣ ግድግዳው ዳር ሞላ። ፊት የተቀመጡት እማማ ጥሩዬ ነበሩ፤ ከዘንገና በእግራቸው የመጡ፣ ልጅ ያልወለዱ ባልቴት።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ደሳለኝ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ሊደበድቡን ነው» አለኝ። ማንም አልሞተም ብል አዳራሹ ባዶ ይቀራል፤ ጉባኤውም ይሄዳል። ተነሣሁ።

«የሞተው ገና አልተወለደም» አልሁ። «ተቀመጡ፣ ልንገራችሁ።»

ነገርኋቸው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ አንድ ሰው ወደ ኮከብ ይሄዳል። መርከቡ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ለእሱ ጥቂት ዓመት ሲሆን እዚህ ትውልድ ያልፋል። ሲመለስ እናቱ አፈር ሆናለች፣ ሚስቱ አፈር ሆናለች፣ የእድሩ ሰው በሙሉ አልቋል። በገዛ ደጁ «ማን ልበል?» ይባላል። በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ ይሞታል፤ ጡሩምባ የሚያስነፋለትም ይጠፋል።



«ወገን የለውም በለኛ?» አሉ እማማ ጥሩዬ።

«የለውም።»

«እንግዲያ እኛ ምን ሆነን!» ብለው ተነሡና በአዊኛ ሙሾ አወጡ። ኮከብ ለበላው ልጅ፣ ከደጁ ቆሞ ላልታወቀው ልጅ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ደሳለኝ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። ከዚያ ንፍሮውን በላን፤ ሰዉም «ምን በልቶ ኖረ? ኮከቡ ላይ ዝናብ አለ?» እያለ እስከ ቀትር ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስሁ።

አያ ቢረሳው በእድሩ ፊት ቀረበ። ሊቀመንበሩ «ለቅሶ ነበረ፣ አልቅሰናልም፤ ጡሩምባው አልዋሸም» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው የትም ይሁን የት በጡሩምባ ይጠራል፣ ንፍሮም ይቀርባል። የተማሩ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ገና ላልተወለደ ሰው ለቅሶ ያስቀመጠ ግን ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን ለባጃጁ ሹፌር «ለቅሶ ነው» አልሁት። የሞቱት እማማ ጥሩዬ ነበሩ። ልጅ የላቸው፣ ወንድም የላቸው። ለደሳለኝ ደወልሁለት። ከዳንግላ፣ ከአዲስ ቅዳም፣ ከግምጃ ቤት መጡ፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ። ቄሱ ብዛታቸውን አይተው «እነዚህ የማን ወገን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«የእርሳቸው» አለ ደሳለኝ።

ከቤቴ ያመጣኋቸው ወንበሮች አልበቁም፤ ግማሹ ሰው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ዳር ቆሜ ድንኳኑን አየሁት። ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ የጠራሁት መቼ ጎድሎ ያውቃል!