ከሩፋኤል ዝናብ ያገኘሁት መልስ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ናይሮቢ ኢምባካሲ አጠገብ ባለ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ስሠራ ነው። እስካሁን አልረሳሁትም። እንድረሳው የሚፈልግ ሰው ስላለ ይሆናል።

ሥራዬ የድርጅቱን ዋና ኮምፒውተር፣ የሊኑክስ ሰርቨሩን መጠበቅ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ከበስተጀርባ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም አለ። ዕቃ በተጫነ ቁጥር ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሮ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች ማስታወቂያ ይልካል። የጻፈው ያገሬ ልጅ ነው፤ ስሙ ይቅር። ዕድገት አግኝቶ እዚያው ናይሮቢ ወዳለው የዌስትላንድስ ቢሯችን ሲሄድ ስለ ፕሮግራሙ አንድ መስመር እንኳ ጽፎ አልተወልኝም። ስጠይቀው፣ "አይ እትዬ፣ እሱ ራሱን የቻለ ነው። ብቻ አትነካኪው" አለኝ።

ራሱን የቻለው ፕሮግራም ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ዝም አለ። ስፈትሸው በሕይወት አለ፤ የሚልከው ግን የለም። ባጠፋው ባስነሳው ያው ነው። ከቀናት በኋላ በገዛ ራሱ ይነሳና የተጠራቀመውን ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ሰውዬው ታዲያ ለኬንያዊው አለቃችን፣ "እሷ ነካክታው ነው፤ ከዚህ ሆኜ አስተካከልኩት" ይለዋል። በሁለተኛው ዓመት አለቃው ጠርቶ፣ "ማማ፣ ከተደገመ እንለያያለን" አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ የተንጠለጠለው በዚያው ሥራ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ተደገመ።

ዌስትላንድስ ደውዬ መለመኑን ተውኩና የፕሮግራሙን ማስጀመሪያ ራሴ ከፈትኩ። ለካ የስሕተት መልእክቶቹ ሁሉ እንዲጣሉ አዞታል። ፋይል ላይ እንዲጻፉ አድርጌ እንደገና አስነሳሁት። አንድ ዓይነት መልእክት ይደጋግም ጀመር፦ ወሩ የለም። ሴፕቴምበር እንዴት ይጠፋል?

እሱ ላይ እንዳፈጠጥኩ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

"ዝናቡን ሰማሽው? ልጆቹ ሁሉ ወጥተው እየተጠመቁ ነው። አንቺ እዚያ ደረቅ አገር ቁጭ በይ!"

"ምንድን ነው ዛሬ?"

"ሩፋኤል ነዋ! ጳጉሜ ሦስት። ቀኑም ጠፋብሽ?"

ስልኩን ሳልዘጋ ኮዱን ገለጥኩ። የወሮቹ ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ተደርድሯል። ከነሐሴ በኋላ ባዶ ነው።

ጳጉሜን ጨመርኩ። ማስታወቂያዎቹ ወዲያው መውጣት ጀመሩ። አለቃውን ጠርቼ አሳየሁት። "አሥራ ሦስት ወር አላችሁ? ደሞዙስ?" ብሎ ሳቀ። እሱ አጠገቤ እንደቆመ ዌስትላንድስ ደወልኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓመት ስንት ወር ነው?"

"እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ። አሥራ ሁለት ነዋ።"

"ጳጉሜንስ ለማን ሰጠሃት?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለአለቃው እኔው እነግረዋለሁ" አለ።

"አትቸገር፣ ስክሪኑን እያየ ነው" አልኩት።

ሥራዬ ተረፈ። ይቅርታ ግን ያኔም አልጠየቀኝም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቀኝም። እኔም አልጠብቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገታችንን ሰበር አድርገን እንተላለፋለን። በየዓመቱ ጳጉሜ ሦስት ግን እደውልለትና፣ "እንኳን ለሩፋኤል አደረሰህ" እለዋለሁ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨምርም። "እንኳን አብሮ አደረሰን" ሲል ድምፁ ቅጥን ይላል። እሱ ይበቃኛል።