ቅዳሜ በድምፅ ብልጫ

ወንጌላዊትን የሚያውቅ ሁሉ ቴክኖሎጂ ትወዳለች ይላል። እኔ ሀብተሥላሴ ግን ከክፍሏ አጠገብ ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝና እውነቱን ልናገር። ወንጌላዊት ቴክኖሎጂ የምትወደው ቅዳሜን ስለምትወድ ነው። ቅዳሜን የምትወደው ደግሞ ሐዲስን ስለምትወድ ነው። ሐዲስ እጮኛዋ ነው፤ ዋጫ ከተማ ያስተምራል። በሥራ ቀን አይገናኙም፤ እሑድ እሷ ከመዘምራን ጋር ናት። የቀረቻቸው ቅዳሜ ብቻ ናት፤ እሷንም የቤት ሥራ እርማት ይወስድባቸዋል።

ወንጌላዊት የደካ ከተማ ልጅ ናት። ቦንጋ ተመድባ ስትመጣ የሰባተኛ ክፍልን የዜግነት ትምህርት ሰጧት። ሌላው አስተማሪ ሕገ መንግሥቱን ያስገለብጣል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ አገር ሰላም። እሷ ግን "ጋሽ ሀብቴ፣ ዴሞክራሲ በግልባጭ አይገባም፤ በተግባር ነው" ትለኛለች። እኔም "ሒሳብስ በምኑም አልገባቸው" እላታለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ክፍል ገብታ ቴሌግራም ላይ የድምፅ መስጫ እንደምትከፍት አወጀች። ጥያቄው የሰባተኛ ክፍል ቅዳሜ እንዴት ይዋል የሚል ነው። አንደኛው ምርጫ፣ የቤት ሥራ ይቅር። ሁለተኛው፣ ይጨመር። ሦስተኛው፣ ትምህርት ቤት መጥተን እንማር። ሦስተኛውን ያስገባችው ለማሟያ ነው፤ የትኛው ጤነኛ ልጅ ይመርጠዋል? ከዚያ "ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አከብራለሁ!" ብላ ማለች። ድምጿ ግድግዳውን አልፎ እኔ ክፍል ተሰማ። አዘንኩላት። የሰባተኛ ክፍል ልጅ የቤት ሥራውን ይረሳል እንጂ የተገባለትን ቃል አይረሳም።

አንድ ነገር ግን ዘንግታለች። ልጆቹ ስልክ የላቸውም። የክፍሉ ግሩፕ ውስጥ ያሉት የወላጆቻቸው ስልኮች ናቸው።

"የቤት ሥራ ይጨመር" በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ክፍሉ "ተጭበርብሯል!" እያለ ቀወጠው። ነገሩ ሲጣራ፣ ገበያ ኮረሪማ የሚሸጡት እትዬ ተሾመች ጥያቄው ስልካቸው ላይ ሲመጣ ይጨመር የሚለውን ተጫኑት፤ ከዚያም ለጎረቤታቸው ደወሉ፤ ጎረቤታቸውም ለእህቷ። ወላጅ ሁሉ እየተደዋወለ መረጠ። ልጃቸው ትሁት ስታፋጥጣቸው፣ "አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው አይመርጥም ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ሕግ አክብሬ ነው የመረጥኩልሽ!" አሏት። ይህን የሚረታ ጠበቃ እኔ አላውቅም።

ትሁት ግን ቀላል ልጅ አይደለችም። በማግሥቱ ተነሥታ፣ "ቲቸር፣ ድምፅ በሚስጥር ነው የሚሰጠው፤ የእኛን ግን ተደዋውለው ነው የሰጡልን" ብላ አቤት አለች። ወንጌላዊት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ምርጫውን ሰረዘችና፣ "ነገ ስልኩን ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ ትመርጣላችሁ" አለች። ይዛችሁ ኑ አለች እንጂ አስፈቅዳችሁ አላለችም።

በነጋታው ከየቤቱ ስልክ ጠፋ። ጠፋብኝ ብሎ ለሰው የሚደወልበት እንኳ አልተረፈም። እናቶች በእግር ተፈላልገው፣ ነገሩ ሲገባቸው ተሰብስበው መጡ። የበሩ ጥበቃ "ልጆቹ ምርጫ ላይ ናቸው" ቢላቸው፣ እትዬ ተሾመች "የሚመርጠው የእኔ ስልክ አይደለም እንዴ? እሱ ካለበት እኔም አለሁ!" ብለው ገፍተውት ገቡ። ዳይሬክተሩ ቢሮውን ቆልፎ ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። ብቻውን ነበር።

እናቶቹ መስኮቱን ሞልተው ቆሙ። ወንጌላዊት "ታዛቢ አይናገርም" ስትላቸው ዝም አሉ፤ በጣት ማስፈራራቱ ግን አልቀረም። ልጆቹ በደብተር እየከለሉ ተጫኑ። እኔም የራሴን ክፍል ጥዬ በር ላይ ተገተርኩ። ወንጌላዊት ለሐዲስ "ከእንግዲህ ቅዳሜ የእኛ ነው" ብላ አስቀድማ እንደነገረችው አውቃለሁ።

ውጤቱ ወጣ። ትምህርት ቤት መጥተን እንማር።

ወንጌላዊት ስልኳን አራገፈችው። አልተለወጠም። "ለምን?" አለች። አስተማሪ ተማሪውን እንዲህ ሲለማመጥ አይቼ አላውቅም።

ትሁት ተነሣች። "ቲቸር፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። የቤት ሥራ ቢቀርም ኮረሪማ እሸከማለሁ፤ ቢጨመርም ተሸክሜ መጥቼ እሠራለሁ። እዚህ ከዋልኩ ግን ማንም አያሸክመኝም። የሕፃናት መብት፣ አንቀጽ ሠላሳ ስድስት!" ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

"እና ማን ሊሸከምልኝ ነው?" አሉ እትዬ ተሾመች ታዛቢነታቸውን ረስተው። ከዚያ ወደ ወንጌላዊት ዞረው ተለሳለሱ። "ልጄ፣ አስተማሪ ነሽ፤ አይሆንም በያቸው፤ አንዲት ቃል ናት።" መስኮቱ ሁሉ "በያቸው!" አለ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ ከበሩ ሆኜ በዓይኔ በይ እንጂ አልኳት። አንዲት ቃል ብቻ ተናግራ ቅዳሜዋን ይዛ መሄድ ትችል ነበር።

ልጆቹ አፍ አፏን ያዩ ነበር። "ድምፃችሁ ይከበራል" አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጆቹ የደስታ መሰላቸው። እኔን ግን አንጀቴን በላችው።

ሐዲስ አኮረፈ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ግን አላስቻለውም፤ ከዋጫ በሚኒባስ መጥቶ በንዴት ክፍሉ ውስጥ ገባ። ትሁት "ጋሼ፣ አቤቱታ ካለዎት እጅ ያውጡ" አለችው። አስተማሪ አይደል፣ ልማድ ሆኖበት እጁን አወጣ። ከተፈቀደለት በኋላ፣ "ቲቸራችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ስጡኝ" ብሎ ለመነ። ወንጌላዊት መሬት ትግባ ትውጣ አላወቀችም።

ልጆቹ ተመካከሩ። ስልክ እንኳን ወደ ትምህርት ቤት ከእናቶች መቀነትም ስለማይወጣ ምርጫው በእጅ ሆነ። ትሁት "ቲቸር ቅዳሜ ለእሳቸው ይሰጡ የምትሉ?" ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድም እጅ አልወጣም። የወጣው የወንጌላዊት እጅ ብቻ ነበር፤ ጠመኔዋን እንደያዘች፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ።

"በድምፅ ብልጫ ተሸንፈዋል፣ ቲቸር" አለች ትሁት። ሐዲስ ግን እጇን ካየ በኋላ ማኩረፉን ትቶ፣ ፈገግ እያለ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷም እጇን አውርዳ ማስተማሯን ቀጠለች።